ቋንጣው ለማን ነው?

ጥቅምት 6

ለተከበሩ ወንድም ጋሼ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ነው? ሥራና ኑሮስ? እኛ፣ አምላክ ይመስገን፣ አለን። የእጅ ጽሑፌን ያውቁት እንደሆነ እንጃ፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የእጅ ጽሑፍንም ይለውጣል። ታናሽ ወንድምዎ ነኝ፣ መጽሐፍ ጠራዡ።

አድራሻዎን የሰጠኝ እርስዎ ጋ ይሠራ የነበረ ሹፌር ነው። የልጁን የመመረቂያ ጽሑፍ ሊያስጠርዝ መጥቶ ወሬ ስናነሳ ስምዎ ተነሳ። እህታችንን እትዬን እንደማልጠይቃት፣ ብጠይቃትም እንደማትሰጠኝ ያውቃሉ።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። ልጆች ሳለን፣ እናታችን ከምትሠራበት ፋብሪካ ወጥ ቤት የምታመጣትን ቁራጭ ሥጋ እርስዎ በሳሙና ሣጥን ውስጥ ያደርቋት ነበር። የሣጥኑን ጎን በስተህ ወንፊት የለጠፍክበት፣ ይቅርታ፣ የለጠፉበት ትዝ ይለኛል። ከዚያ በላይ ግን ምንም አላስታውስም፤ የኔ ድርሻ መብላት ነበር። ያ ቋንጣ እንዴት ነበር የሚሠራው?

ሁለት ጊዜ ሞክሬያለሁ። አንደኛውን በረንዳ ላይ ከልብስ ጋር አሰጣሁት፤ ዝንብ ቀደመኝ። ሁለተኛውን ከምድጃው በላይ ሰቀልኩት፤ በሦስተኛው ቀን ሸተተ። የምንኖረው ሦስተኛ ፎቅ ላይ በሁለት ክፍል ነው፤ ግቢ የለንም። ከሱቅም ገዝቼ ነበር፤ አልሆነም።

እንዲህ ያለ ደብዳቤ ሲመጣ ሰው መጀመሪያ የሚጠብቀው የገንዘብ ጥያቄ ነው። እኔ ዘዴውን ብቻ ነው የምፈልገው። የምሠራበትን ማተሚያ ቤት ስልክም ከታች ጽፌያለሁ። ቢቻል ሳይዘገይ።

ጤና ይስጥልኝ።
ታናሽ ወንድምዎ


ኅዳር 2

ለታናሽ ወንድሜ፣ ለብጣሽ፣

ሰላምታዬ ከነናፍቆቴ ይድረስህ። እኔ ከወገቤ በስተቀር ደህና ነኝ፤ ወገቤ ግን ዕድሜ ልኬን ማቀዝቀዣ ስሸከም ስለኖረ ጡረታ ጠይቋል። ይኸው አሁንም የሰው ማቀዝቀዣ እጠግናለሁ።

በመጀመሪያ ይህን አንቱታ ተወው። በአንድ ብርድ ልብስ ሥር ስንራገጥ ያደግን ሰዎች ነን። ፖስታውን ሳየው ክፉ ነገር መስሎኝ ሁለት ቀን ሳልከፍት ኪሴ ውስጥ ይዤው ዞርኩ። ለካ የሥጋ ነገር ነው! ብቻዬን እየሳቅኩ አነበብኩት።

እንግዲህ ስማ። ሥጋው ቀይ ይሁን፣ የስብ ክር እንኳ አይኑርበት። ስብ አይደርቅም፤ ይከረፋል። ከበረዶ ቤቱ ግማሽ በግማሽ በረዶ ሆኖ ሲወጣ ቁረጠው፤ ያኔ ቢላዋው አያንሸራትትህም። ውፍረቱ የእርሳስ ያህል፣ ርዝመቱ አንድ ስንዝር። ለአንድ ኪሎ አንድ ተኩል የሾርባ ማንኪያ ጨው፣ ጥቂት ቁንዶ በርበሬ፤ ኮምጣጤ ውስጥ ነክረህ አንድ ሌሊት ማቀዝቀዣ ውስጥ አሳድረው።

ሣጥን ፈልግ፤ ይዘጋ እንጂ የምንም ይሁን። ከታች አራት ቀዳዳ፣ ከላይ ከተጣለ ኮምፒውተር የተነቀለ ፋን፣ አየሩን ወደ ውጭ የሚስብ። ከሥር አንድ ስድሳ ዋት አምፖል፤ ጠብታ እንዳያፈነዳው የቆርቆሮ ባርኔጣ አድርግለት። ሥጋው እርስ በርሱ አይነካካ፤ የተነካካው ቦታ ነው የሚሻግተው። ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፦ ሥጋ የሚያደርቀው ነፋስ እንጂ ሙቀት አይደለም። አምፖሉ ነፋሱን ለማገዝ ብቻ ነው። በአራተኛው ቀን አንዱን አጥፈህ እየው፤ ከተሰነጠቀና ካልተሰበረ ደርሷል።

ስለ ድሮው ነገር ብዙ አልጽፍም። እኔ ቂም የምቋጥር ሰው አይደለሁም። ሁለታችሁንም ከልቤ ይቅር ብያለሁ፤ ይህን እወቅልኝ። ልጅ እንዳላችሁም እትዬ ጽፋልኛለች፤ ያሳድግላችሁ።

ለመሆኑ ቋንጣው ለማን ነው? ልትነግድ ከሆነ የአማካሪነት ድርሻዬን እንዳትረሳ!

ወንድምህ


ኅዳር 21

ለወንድም ጋሼ፣

ከነወገብህ እንደምን ሰነበትክ? ጽሑፍህ ሲደርሰኝ በዚያው ቀን ሥራ ጀመርኩ።

ሣጥን ያገኘሁት ከማተሚያ ቤታችን ነው። አለቃው የጣለው የብረት ፋይል ቁም ሳጥን ነበር፤ ከዘበኛው ጋር ሆነን ሦስት ፎቅ አወጣነው። በሩ ላይ «የሠራተኞች ቅሬታ» የሚል ጽሑፍ ተለጥፎበታል፤ ልፋቀው ብል እንቢ አለ። መሳቢያዎቹን አውጥቼ ሽቦ ወጠርኩበት። ለመስቀያ የወረቀት መቆንጠጫ ሽቦዎችን ዘርግቼ ባለ ሁለት ጥርስ መንጠቆ አደረግኳቸው። የኛ ልጅ፣ አፏ ስለማያርፍ ፈንዲሻ የምንላት፣ ከትምህርት ቤት ስትመጣ «አባዬ፣ ቅሬታው ደረቀ ወይ?» እያለች ትገባለች። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው።

አሁን ጥፋቴን ልንገርህ። ስድሳ ዋት ብለኸኝ መቶ ዋት አስገባሁ። ቸኮልኩ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። በሁለተኛው ቀን ሥጋው ጥቁር ሆኖ ደርቆ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ስቆርጠው ግን ውጪው ቆዳ፣ ውስጡ እርጥብ፣ ሽታው አይነሳ። ከእኛ በታች የምትኖረው ጡረተኛ ታይፒስት አፍንጫዋን ይዛ ወጥታ «ሬሳ ደብቃችኋል እንዴ?» አለችኝ። ሁለት ኪሎ ሥጋ ተጣለ።

ስለ ይቅርታ የጻፍከውን አንብቤዋለሁ።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። ሲደርቅ ልስላሴው ጨርሶ እንዳይጠፋ ማድረግ ይቻላል? ለመዋጥ ለሚቸገር ሰው ቢሆን፣ እንዴት ይደረጋል? ጨዉን ግን መቀነስ አልፈልግም፤ የሚፈለገው ጨዉ ነው።

ቶሎ መልስልኝ።
ብጣሽ


ታኅሣሥ 14

ብጣሽ፣

ሰላም ላንተና ለቤትህ ይሁን። በሽታው ሳይሆን ሽታው ብቻ እንዲጎበኛችሁ እመኛለሁ ልል ነበር፤ ደብዳቤህን ደግሜ ሳነበው ግን ቀልዱ ጠፋብኝ።

ለመዋጥ የሚቸገር ሰው ማነው?

ይህን ለወሬ አይደለም የምጠይቅህ። ጤነኛ ሰው የሚበላው ቋንጣና የታመመ ሰው የሚበላው አንድ አይደለም። እኔና አንተ ያን የሳሙና ሣጥን ሥጋ በልተን ያልሞትነው ሆዳችን ድንጋይ ይፈጭ ስለነበር ነው። ሰውየው በጠንካራ መድኃኒት ላይ ከሆነ ሐኪሙን ሳትጠይቅ አንዲት ቁራጭ እንዳታቀምሰው። ከፈቀደ ደግሞ፣ ከጨው ካደረ በኋላ ወደ ሣጥኑ ከመግባቱ በፊት መሃሉ እስኪበስል በእንፋሎት አሙቀው። ከዚያ አድርቀው። ሲደርቅ ጥርስ እንዳያስፈልገው ከሥጋው ክር ጋር ሳይሆን ክሩን አቋርጠህ በስሱ ክተፈው፤ መጽሐፍ ጠራዥ ነህ፣ ወረቀት አስመስለህ ላጠው። በሦስተኛው ቀን አውጣው፣ አራተኛውን አትጠብቅ። የሚበላውን ያህል ብቻ አዘጋጅ፤ ቀሪውን በረዶ ቤት።

እጅህን በሳሙና። ቢላዋውን በፈላ ውሃ። መንጠቆዎቹንም።

ልጅቷ ናት? ወይስ አንተ ነህ? ሳትደብቅ ጻፍልኝ።

ወንድምህ


ጥር 3

ወንድም ጋሼ፣

ሰላም ለአንተ ይሁን። ዛሬ ሰላምታ ማሳመር አልችልም።

እኔ አይደለሁም። ፈንዲሻም አይደለችም። እዚህ ቤት የምንኖረው ሦስት ሰዎች ነን፤ ሁለታችንን ጠይቀህ ሦስተኛዋን ዘለልካት። ባለቤቴ ናት። ከጨጓራዋ ነው የጀመረው፤ ከነሐሴ ወዲህ ማስተማርም ትታለች። መድኃኒቱ አፏን ብረት ብረት ያሰኘዋል። ሾርባ ትተፋለች፣ ዳቦ ትተፋለች። መስከረም መጨረሻ ላይ አንድ ቀን ትራስ ተደግፋ፣ «ያ ወንድምህ በሳሙና ሣጥን የሚያደርቀው ቋንጣ ቢኖር እበላ ነበር» አለች። ፊቴ ምን እንደመሰለ እንጃ፤ አይታኝ ሳቀች። «ደግሞ ትቀናለህ! የናፈቀኝ ሰውየው አይደለም፤ ጨዉ ነው» አለችኝ።

ሐኪሙን ጠየቅኩት፤ ጥቂት ጥቂት ከሆነና በደንብ ከበሰለ ግድ የለም አለ። እንዳልከው አሙቄ አደረቅኩት። በሦስተኛው ቀን አንዱን ላጥኩና በሰሃን አቀረብኩላት። ምላሷ ላይ አስቀምጣ ዓይኗን ጨፈነች። አኘከች፣ አኘከች፣ ዋጠች። ከዚያ እጇን ዘረጋች፤ ሌላ ለመቀበል። ፈንዲሻ ወጥ ቤት ገብታ ቧንቧ ከፍታ አለቀሰች። በዚያ ሳምንት በየቀኑ አራት አራት ቁራጭ በላች። ስለዚህ ከልቤ አመሰግንሃለሁ። ይህን ምስጋና ከሚቀጥለው ለይተህ አንብብልኝ።

«ይቅር ብያችኋለሁ» ብለህ ጽፈህልኝ ነበር። ወንድም ጋሼ፣ ምናችንን ነው ይቅር ያልከን?

«እዚህ ሌላ ኑሮ ጀምሬያለሁ፣ አትጠብቂኝ፣ ይህን ደብዳቤ አቃጥይው» ብለህ የጻፍክላትን እኔም አንብቤዋለሁ። ያኔ እሷ እጮኛህ ነበረች፣ እኔ ደግሞ የእጮኛዋ ወንድም፤ ሌላ ነገር በሐሳባችን አልነበረም። የማደርገው ጠፍቶኝ ውሃ ቀዳሁላት። አንብቤ ስመልስላት፣ አቃጥይው ስላልካት አቃጠለችው። ከዓመት በኋላ ስንጋባ አንተ ለእናታችን «ወንድሜ እጮኛዬን ነጠቀኝ» ብለህ ጻፍክ።

እናታችን ረገመችኝ። እትዬ ከዚያን ቀን ጀምሮ የቤቴን ደረጃ ረግጣ አታውቅም። እውነቱን ልናገር ስነሳ የያዘችኝ ባለቤቴ ናት። «ሩቅ ያለ ልጇን ከልቧ አታውጣባት፤ ሌላ ምን አላት? አንተ አጠገቧ ነህ፣ አንድ ቀን ትታረቃታለህ» አለችኝ። ሆድ ይፍጀው ብለን ተውነው። አልታረቅኳትም። እናታችን ፊቷን ወደ ግድግዳው እንዳዞረችብኝ ሞተች። ይኸው አሥራ ሁለት ዓመት።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ስለኛ የሚወራውን እኛ ባንሰማም ልጃችን ሰማች። ባለፈው ወር ከእትዬ ልጆች አፍ ሰምታ መጥታ፣ እናቷን «አንዱን ወንድም ትተሽ ነው ሌላውን ያገባሽው?» ብላ ጠየቀቻት። እናቷ «አይደለም» አለች። ልጅቷ ተጨማሪ ነገር ጠበቀች፤ አልመጣም። አሁን እናቷን ታጥባለች፣ ልብሷን ትቀይርላታለች፣ መድኃኒቷን በሰዓቱ ትሰጣታለች፤ ፊቷን ግን አታያትም። ባለቤቴም ይህን አይታለች። እኔ ብነግራት ያባቷ ወገንተኝነት ይመስላታል። ወረቀቱ ተቃጥሏል።

ስለዚህ ልመናዬ ተለውጧል። ቋንጣውን ችያለሁ። ለልጅቷ ጻፍላት። እናቷ በጆሮዋ ትስማ። ሐኪሙ ቀን አልቆረጠልንም፤ ግን ሲያናግረኝ የሚያየው ጫማዬን ነው።

ብጣሽ


ጥር 28

ወንድም ጋሼ፣

ጽሑፌ ደርሶህ እንደሆነ ብዬ ነው። ሊጠፋም ይችላል፤ ስለዚህ ባጭሩ ልድገመው፦ ለፈንዲሻ እውነቱን ጻፍላት።

ባለቤቴ አሁን መዋጥ አቅቷታል። ቋንጣውን ከንፈሯ ላይ አደርግላታለሁ፤ ጨዉን መጥጣ ትመልስልኛለች። እኔ የመለሰችውን ይዤ ምን እንደማደርገው ግራ ይገባኛል።

ትናንት «ፖስታ መጣ?» አለችኝ። እንደጻፍኩልህ አልነገርኳትም ነበር። አሁን ደብዳቤ ነው የምትጠብቀው።

ብጣሽ


የካቲት 9

ለታናሽ ወንድሜ፣

ሁለቱም ደርሰውኛል። አልጠፉም። የጠፋሁት እኔ ነኝ። ማተሚያ ቤቱ ሁለት ጊዜ ደውዬ ነበር፤ አንተው አንስተህ «ሃሎ» ስትል ዘጋሁት። ቁጭ ብዬ አራት ጊዜ ጽፌ አራቱንም ቀደድኩ፤ በሁሉም ውስጥ ራሴን ደግ አድርጌው ነበር። ይህ አምስተኛው ነው። ለልጅህ ስጣት። ለእናቷም አንብቡላት።

ለወንድሜ ልጅ፣

አላውቅሽም፤ አንቺም የምታውቂኝ በሰው አፍ ነው። ስለኔ የሰማሽው ውሸት ነው፤ ውሸቱንም የፈጠርኩት እኔ ነኝ።

እናትሽን ላገባ ቃል ገብቼ ለሁለት ዓመት ሥራ ወጣሁ። በሁለተኛው ዓመት ቤት ካከራየችኝ ሴት ጋር ሆንኩ፤ ሴትየዋ አረገዘች። ለእናትሽ አትጠብቂኝ ብዬ ጻፍኩላት። አቃጥይው ያልኩት ቤተሰቤ እንዳያየኝ ብዬ ነው። የተወለደው ልጅ ወር ሳይሞላው ሞተ። ሴትየዋም ወደ ዘመዶቿ ሄደች። ባዶ ክፍል ውስጥ ብቻዬን ተቀምጬ ሳለ፣ ወንድሜ እናትሽን ማግባቱን ሰማሁ። መብት አልነበረኝም። ግን የሚታዘንለት ሰው መሆን አማረኝ። በዚያው ምሽት ለእናታችን፣ ለአያትሽ፣ ተነጠቅኩ ብዬ ጻፍኩ።

አያትሽ አባትሽን እንደረገመችው በጻፈችልኝ ጊዜ ማስተካከል እችል ነበር። ነገ እጽፋለሁ አልኩ። እሷ ስትሞትም ነገ አልኩ። ውሸት ሲቆይ ቤት ይሠራል፤ እኔ ውስጡ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ኖርኩ፣ ሰው ሁሉ ያዝንልኝ ነበር። ባለፈው ኅዳርም ለአባትሽ «ይቅር ብያለሁ» ብዬ ጻፍኩለት። ያን ስጽፍ እጄ አልተንቀጠቀጠም፤ ይህን ልነግርሽ ግድ ሆኖብኛል።

እናትሽ ማንንም አልተወችም። የተተወችው እሷ ናት። ተትታም የኔን ስም ጠበቀችልኝ። አባትሽ የማንንም ሰው አልነጠቀም።

ይህን ለፈለግሽው ሰው ሁሉ አሳዪ። ፊቷን እያየሽ አንብቢላት።

የአባትሽ ወንድም


መጋቢት 5

ወንድም ጋሼ፣

ጽሑፍህ የካቲት 30 ደረሰን። ባለቤቴ ያረፈችው የካቲት 21 ነው። በዘጠኝ ቀን ተላለፋችሁ።

ከፖስተኛው የተቀበለችው ያቺ ታይፒስት ናት፤ ደረጃውን ወጥታ፣ ፖስታውን በሁለት እጇ ይዛ፣ ሰጥታኝ ወረደች። ሕንፃው በሙሉ ደብዳቤ እንደምንጠብቅ ያውቅ ነበር ለካ።

የመጨረሻዋን ቀን እንድታውቃት እፈልጋለሁ። ጠዋት ነበር። ፈንዲሻ ፀጉሯን እያበጠረችላት ነው። እናቷ «ጠይቀሽኝ የነበረውን ነገር» አለቻት፣ «አንድ ቀን የሚነግርሽ ሰው ይመጣል። እኔ ብነግርሽ ክስ ይሆንብኛል።» ልጅቷ «ተይው እማዬ፣ አይደክምሽ» አለች። ማበጠሪያው ላይ ዓይኗን እንደተከለች ነበር። ከሰዓት በኋላ ባለቤቴ አረፈች።

ያንተን ወረቀት ፈንዲሻ ጠረጴዛው ላይ ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ «እማዬ ይህን ሁሉ ታውቅ ነበር?» አለችኝ።

«ታውቅ ነበር።»

«ፊቷን አላየሁትም፣ አባዬ። ሁለት ወር ሙሉ አላየሁትም።»

ልጄን ታቅፌ ቆምኩ።

እኔ ወረቀቱን መቃብሯ ላይ ሄጄ ላነብላት አስቤ ነበር። ጫማዬን ሳጠልቅ ልጅቷ ከእጄ ወሰደችው። «እሷማ ታውቀዋለች። መስማት ያለባቸው የማያውቁት ናቸው» አለችና ኮቷን ለብሳ ወጣች። አውቶቡስ ተሳፍራ እትዬ ቤት ሄደች። እንደሰማሁት፣ ቁጭ በይ ቢሏት እንቢ ብላ፣ በሩ ላይ ቆማ፣ ልጆቿና ጎረቤቶቿ ባሉበት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበበችላቸው። ድምፅዋ አንድ ቦታ ብቻ ተሰበረ አሉ፤ «የተተወችው እሷ ናት» የሚለው ጋ።

ስላንተ የሚሰማኝን ልጻፍ ብዬ ሦስት ቀን ተቀመጥኩ። በጊዜው ብትጽፍ ኖሮ እላለሁ፤ ከዚያ ደግሞ ባትጽፍስ ኖሮ እላለሁ። ይቅርታ ለማድረግ መጀመሪያ መቆጣት ያስፈልጋል፤ እኔ ገና መቆጣቴ ነው። ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት አልተፈቀደልኝም ነበር።

ትናንት አመሻሹ ላይ በሩ ተንኳኳ። እትዬ ናት። ጉልበቷን ያማታል፤ ሦስቱን ፎቅ መደገፊያውን ይዛ፣ በየፎቁ እያረፈች፣ ፈንዲሻ ከኋላ ደግፋት ነው የወጣችው። ገብታ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ክፍሉን አየች፣ የባለቤቴን አልጋ አየች፣ እኔን አየችኝ። አርጅተሃል አለችኝ። አንቺም አልኳት። ከዚያ ሁለታችንም ብዙ አለቀስን።

ስትረጋጋ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ እንዲህ አለችኝ፦ «እኛስ እሺ፣ ሰማን። እናታችን ግን ረግማህ ነው የሞተችው። አሁን ያን ማን ያነሳልሃል?»

አንተ መልስ ካለህ ጻፍልኝ።

ወንድምህ